ቴኒስ ኤልቦ፦ በመክፈት ወይስ በካሜራ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው። የምኖረው ጎንደር አዘዞ ሲሆን ሥራዬ ግንበኝነት ነው፤ ድንጋይም እጠርባለሁ። የቀኝ ክርኔን ከውጭ በኩል መታመም ከጀመረኝ 14 ወር ሆነ። ቴኒስ ኤልቦ ነው ተብዬ ሦስት ጊዜ መርፌ ተወጋሁ፤ ለጥቂት ሳምንት ይተወኝና ይመለሳል። አሁን ኦፕራሲዮን ተባልኩ። አንዱ ተከፍቶ ነው የሚሻለው ይላል፣ ሌላው በካሜራ ይላል። የቱን ልምረጥ? ወደ ሥራስ መቼ እመለሳለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ አራተኛ መርፌ እንዳይወጉ። የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አያድነውም፤ ዓመት ሲሞላ መርፌ የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ሲቸገሩ ታይቷል። ሲደጋገም ጅማቱን ያሳሳል፣ የቆዳውንም ቀለም ያነጣዋል። ወጌሻ ጋር ሄዶ ቦታውን በኃይል መታሸትም ይቅር።

የተጎዳው የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ጅማት ነው፤ ከክርን ውጫዊ ጉብታ ላይ ይነሣል። መዶሻ ጨብጠው በመቱ ቁጥር ይወጠራል። ጤነኛ ጅማት ነጭና አብረቅራቂ ነው፤ የእርስዎ ዓይነቱ ግን ግራጫና ልፍስፍስ ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም የሚሄዱት ወደዚሁ ቦታ ነው፤ የሚለያዩት በሚገቡበት በር ነው።

በመክፈት ሲሠራ ቆዳው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይቀደዳል። ሐኪሙ ከላይ ያለውን ጡንቻ ገለጥ አድርጎ ግራጫውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ያወጣል፣ ጤነኛውን ይተዋል፣ መልሶ ይሰፋል። ትልቁ ጥቅሙ የተበላሸውን በዓይን እያዩ መለየት መቻሉ ነው፤ ውድ መሣሪያም አይፈልግም። ጥንቃቄ የሚያሻው ቢላው ወደ ኋላ እንዳይርቅ ነው። እዚያ ክርኑን አጥብቆ የያዘው ማሰሪያ አለ፤ እሱ ከተነካ ክርኑ ይላላል፣ በሽተኛው እጁን ተደግፎ ከወንበር ሲነሳ ክርኑ የሚወልቅ ይመስለዋል።

በካሜራ የሚሠራው (አርትሮስኮፒ) በሁለት ወይም በሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ጠባሳው ያንሳል፣ የመገጣጠሚያውም ውስጥ አብሮ ይታያል። ክርንዎ የሚቆለፍ ወይም ቀጭ የሚል ከሆነ ይህ ይመረጣል። በአንጻሩ መሣሪያውና የለመደ እጅ የግድ ነው፤ ቀዳዳው የሚበሳበት ቦታ ጣትና አንጓን የሚያነሳው ነርቭ አጠገብ ስለሆነ። ሦስተኛው በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ቅዳጅ ጅማቱን ከመነሻው ማላቀቅ ነው። አጭርና ርካሽ ነው፤ የተበላሸው ክፍል ግን አይወጣም።

ዓመት ካለፈ በኋላ የሦስቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2018 አውስትራሊያ ውስጥ 26 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ለከፊሎቹ ቆዳው ተከፍቶ ጅማቱ ሳይቆረጥ ተሰፋ፤ እነሱም ከተቆረጠላቸው እኩል ተሻላቸው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ለመቁረጥ እንዳይቸኩሉ ይመክራል።

ስለዚህ መጀመሪያ 12 ሳምንት ይህን በትክክል ይሥሩ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ መዳፍዎ ወደ ታች፣ እጅዎ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ይንጠልጠል። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጨብጡ። አንጓውን ወደ ላይ በግራ እጅዎ አግዘው ያንሱት፣ ከዚያ በቀኙ ብቻ እስከ አምስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያውርዱት። 15 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። መጠነኛ ሕመም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ከባሰ ግን ክብደቱን ይቀንሱ። ሲቀልዎት ወደ አንድ ሊትር ያሳድጉ። ድንጋይ መጥረቡን ለነዚህ ሳምንታት ለሌላ ይስጡ፤ እየጠረቡ አይድንም። ጀሪካንም መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው፣ ከሰውነትዎ አስጠግተው ያንሱ።

ምርመራውም ይረጋገጥ። በጣም የሚያምዎት ጉብታው ላይ ሳይሆን ከሱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ የታነቀ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ጣትዎ የሚደነዝዝና አንገትዎን የሚያምዎት ከሆነ ደግሞ አንገትዎ ይታይ። ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮኑ «አልሠራም» የሚባለው ሕመሙ ከመጀመሪያውም ከጅማቱ ስላልነበረ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለዎት፣ ለእርስዎ እኔ የምመርጠው በመክፈት የሚሠራውን ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ክፍል ቀርበው ይህን ኦፕራሲዮን አዘውትሮ የሚሠራው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከዘዴው ይልቅ የእጁ ልምድ ይበልጣል። ሲጋራ ካጨሱ አስቀድመው ያቁሙ፣ ስኳርዎንም ይለኩ፤ ማጨስም ከፍ ያለ ስኳርም የቁስሉን መዳን ያዘገያሉ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ክንድዎ ለአንድ ሳምንት ያህል ይታሰራል፣ ቀጥሎ ክርኑን ማጠፍና መዘርጋት ይጀምራሉ፤ ብዙ ቆይቶ ከታሰረ ይደርቃል። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። ጡንቻ ማጠናከሪያው እንቅስቃሴ ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ቀላል ሥራ በዚያው ጊዜ ይቻላል፤ መዶሻና ድንጋይ ግን ከ3 እስከ 4 ወር፣ ሙሉ ጉልበትዎ እስኪመለስ 6 ወርም ሊፈጅ ይችላል። የዚህን ጊዜ ገቢዎን አስበው ይግቡበት። ቁስሉ ቢቀላና መግል ቢይዝ፣ ቢያተኩስዎት ወይም ጣቶችዎን ወደ ላይ ማንሳት ቢያቅትዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይመለሱ።