ያልጻፍኩት ቁጥር

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። እዚሁ ጎንደር ለአንድ የተፈጥሮ ክበብ ልጆች ስለ ጥቢ ወፎች ሳወራ ቆየሁና "ደብተርና እርሳስ ሳትይዙ እንዳትወጡ" አልኳቸው። እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ስልኬ ፎቶ ያነሳልኛል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ራሱ ይመዘግባል። ደብተሩ ለምን ያስፈልገኛል?"

"ግዴለሽም፣ ያዢው" ብዬ አለፍኳት። እሱ መልስ አይደለም። እሷም ገብቷታል፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ትክክለኛውን መልስ አውቀዋለሁ። ለመናገር ግን የማፍርበትን ነገር ማውራት ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት አልቻልኩም። አሁን ልሞክር።

1980 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት። ደምቢያ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እሑድ እሑድ የሚጭነኝ መኪና ካገኘሁ ጎርጎራ እወርዳለሁ። ያኔ ባይኖኩላር የለኝም። ወደቡ ላይ ተቀምጬ በዓይኔ ብቻ ነበር የማየው።

ጎርጎራን የማታውቁ ካላችሁ፣ የጣና ሰሜን ዳር ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጋችሁ ትደርሳላችሁ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በኮንዝላና በደልጊ የሚያልፈው መርከብ መጨረሻው እዚያ ነው። መርከብ የሚመጣ ዕለት ወደቡ ገበያ ይመስላል። በሌላው ቀን ግን ዓሣ አጥማጆችና ወፎች ብቻ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቢ ሲገባ ውሃው ዳር ዳሩን ገና እንደደፈረሰ ነው። ሳሩ እርጥብ ነው። ትናንት ያልነበረ ወፍ ዛሬ ጠዋት ቆሞ ታገኙታላችሁ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳቸውን ወደ ዳር እየሳቡ ጠሩኝ። አባባ ነበር የምላቸው።

"ና እስቲ መምህር፣ ይህችን ተመልከትልኝ።"

ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አንዲት ወፍ አወጡ። ሌሊት መረባቸው ውስጥ ገብታ ሞታለች። ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ ነው። ምንቃሯ ቢጫ ሆኖ ከታች በኩል፣ ወደ ጫፉ ሲቃረብ፣ ቀይ ነጥብ አለው። ደም መስሎኝ በጣቴ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። ቀለሙ ነው። እንግሊዞቹ ገል የሚሏት የውሃ ወፍ ናት። በእኛ በኩል የተለየ ስም አልነበራትም፤ የውሃ ወፍ ነበር የምንላት።

ቀኝ እግሯ ላይ ግራጫ የብረት ቀለበት አለ። አሸዋና ውሃ አጥቦት ጠርዙ ሳስቷል። አባባ በአውራ ጣታቸው ጭቃውን ጠረጉና ወደ ፀሐይ አዞሩልኝ። የላቲን ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል።

"ማን አሰረባት?"

"ፈረንጆች ይመስሉኛል።"

"ቁጥር ካለባት ባለቤት አላት ማለት ነው" አሉ። "የጎረቤት ላም ማሳህ ገብታ ብትሞት ለባለቤቷ ትናገር የለም? እኔ ፊደል አላውቅም። አንተ ንገርልኝ። በመረብ ነው የሞተች፣ በክፋት አይደለም በልልኝ።"

በቢላቸው ጫፍ ቀለበቱን ፈልቅቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ወፏን ከውሃው ራቅ አድርገው ቀበሯት።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። አባባም ሰሙ። ሁለታችንም አልጻፍነውም። እሳቸው መጻፍ አይችሉም። እኔ ግን ደረት ኪሴ ውስጥ ቢክ እስክሪብቶ ነበረኝ። ቀለበቱ እጄ ላይ ስላለ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ነው። ተማሪዋ "ስልኬ ውስጥ አለ" እንዳለችው ማለት ነው።

ቤት ስገባ ጠመኔ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ፈተና ማረም መጣ። ከዚያ ገና መጣ። አባባ መጀመሪያ ሲጠይቁኝ "በቅርቡ እጽፍላቸዋለሁ" አልኳቸው። ሁለተኛ ሲጠይቁኝ አፈርኩ። "ጽፌላቸዋለሁ አባባ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው" አልኩ።

ውሸት ነበር።

አባባ ደስ አላቸው። ለሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ነገሩ። ወደቡ ላይ ያለው ሁሉ መምህሩ ከፈረንጅ አገር ደብዳቤ ይጠብቃል ማለት ጀመረ። አንድ ቀን በገመድ የተሰካ ትኩስ ቆሮሶ አምጥተው ሰጡኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ያዙት። "ስለ ደብዳቤው ደክመሃል" አሉ። ያንን ዓሣ ወስጄ በላሁት።

ግንቦት ላይ ቆርጬ ልጽፍ ተነሳሁ። ካርቶኑን ስከፍት ቀለበቱ የለም። የአከራዬ ትንሽ ልጅ አግኝቶት ለጣቱ አድርጎት ሲጫወት ከርሟል። የት እንደጣለው አያውቅም። ግቢውን በእጄ ፈተሽኩት። ዝናብ ወርዶ ጭቃ ነበር። ልጁ እኔ የተቆጣሁት መስሎት ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል።

ሦስተኛ ጊዜ አባባን ሳገኛቸው ምንም አልጠየቁኝም። ሰላምታ ሰጡኝና መረባቸውን መጠገን ቀጠሉ። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። ጎርጎራ የተመለስኩት ከስንት ዓመት በኋላ፣ መንግሥትም ከተለወጠ በኋላ ነው። አባባ አርፈዋል። ልጃቸው እዚያው ወደቡ ላይ ነበር። አወቀኝ። ጤናዬን ጠየቀኝና ቀጥሎ "ያ ደብዳቤ መጣ ወይ?" አለ። "አልመጣም" አልኩት። ይህም ውሸት ነው። ያልተላከ ደብዳቤ እንዴት ይመጣል?

የዚያ ቀለበት ትርጉም የገባኝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል ዴንማርካዊ በወፎች እግር ላይ አድራሻና ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ። የሚሠራው መምህርነት ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዷ ወፍ የራሷ ቁጥር አላት። ቁጥሩን ያገኘ ሰው ወደ ተጻፈው አድራሻ ይልካል። እነሱ ደግሞ መዝገባቸውን ገልጠው መልስ ይጽፋሉ። የት ታሰረች፣ በየትኛው ቀን፣ ጫጩት ነበረች ወይስ ያደገች። አባባ የጠየቁት ሁሉ መልስ ነበረው። ዋጋው አንድ ቴምብር ነው።

ቀለበቱ ላይ ካነበብኩት ዛሬ ትዝ የሚለኝ ሙዚየም የሚለው ቃል ብቻ ነው። የሄልሲንኪም፣ የስቶክሆልምም፣ የኮፐንሃገንም ቀለበቶች ይህ ቃል አለባቸው። የፊንላንድ ጥቁር ጀርባ ገሎች በአባይ ሸለቆ በኩል አድርገው እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ይወርዳሉ። ስለዚህ የፊንላንድ ዋና ከተማ የሄልሲንኪ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ። ለአባባ ልጅ ግን "ሳትሆን አትቀርም" ተብሎ አይነገርም። ከ20 ዓመት በላይ የሚኖሩ ገሎች አሉ። ያቺ ወፍ ስንት ጊዜ ተመላልሳ እንደነበር ቁጥሩ ይነግረን ነበር።

ስለ መመላለስ ካነሳሁ አይቀር፣ ልጅ ሆኜ እናቴን የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ ወዴት እንደምትሄድ እጠይቃት ነበር። "ወደ አገሯ" ትለኛለች። እስካሁንም በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው የመስቀል ወፍ ነህ እንላለን። ወፏ ግን የትም አትሄድም። ያ ቢጫና ጥቁር ያማረው ወንዱ ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በበጋው ከድንቢጦች ጋር ተቀላቅሎ እዚሁ ደጃችን ይለቅማል። አናውቀውም እንጂ አልሄደም። በሌላ በኩል ደምቢያ ላይ ከከብቶች እግር ሥር ጭራዋን እየነቀነቀች የምትሮጠው ቢጫ ሆድ ወፍ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት፣ እሷ ናት ከአውሮፓና ከእስያ የመጣችው። እናቴ ይህን ሳልነግራት ነው ያለፈችው። ሰምታ ብትሆን ደስ ይላት ነበር።

ወደ እናንተ ልመለስ። ማለዳ ተነሱ፣ ድምፅ አታሰሙ፣ ደማቅ ልብስ አትልበሱ የሚለውን አልጽፍላችሁም። ታውቁታላችሁ። ሰው የማይነግራችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎርጎራ ቆማችሁ ውሃውን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ነው። በጥቅምት ፀሐይዋም ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እኩለ ቀን ላይ ውሃው ያንጸባርቅና ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። መሀሉን ደብረ ሲና ማርያም ግቢ ዛፎቹ ሥር አሳልፉት።

ከጥቅምት አጋማሽ ወዲያ ከሆነ፣ ከጎርጎራ ስትመለሱ መስኮት ዳር ተቀመጡ። የደምቢያ ማሳ ላይ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በቡድን ቆመው ታያላችሁ። ብዙ ሰው ሽመላ ይላቸዋል፤ አይደሉም። ክሬን ይባላሉ። ከሩሲያ ድረስ መጥተው ጣና ዙሪያ የሚከርሙ ናቸው። ዳክዬዎቹም ከሰሜን በብዛት ይመጣሉ። ነገር ግን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ዳሩን እየሸፈነው ነው። ዱሮ ጭቃ ላይ እየተራመዱ ይለቅሙ የነበሩ ወፎች ዛሬ መቆሚያ ያጡባቸው ቦታዎች አሉ። የት ቦታ ስንት ወፍ እንደነበር የጻፈ ስለሌለ፣ ስንት እንደጎደለ ለመናገር እንቸገራለን። እኔ ብጽፍ ኖሮ ይህም አንድ ማስረጃ ነበር።

መንገዱ ሰላም ያልሆነ ቀን ወይም ለትራንስፖርት ያጠራችሁ ቀን ወደ አንገረብ ግድብ ውጡ። ከከተማው ሳትርቁ የውሃ ወፍ ታያላችሁ።

ልቆጣችሁም እወዳለሁ። ፈጣን ናችሁ፣ ብዙ ታውቃላችሁ፣ ግን ቶሎ ትሰለቻላችሁ። አምና ጎርጎራ ይዣቸው ከወረድኩት ልጆች አብዛኞቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ራሳቸውን ነበር የሚያነሱት። ከጀርባቸው ንስር ዓሣ ይዞ ሲነሳ አላዩም። በጣም አዘንኩ። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። አንዲት ወፍ መርጣችሁ አንድ ሰዓት እዩአት።

ቢሆንም ስልኩን ጣሉት አልልም። ኢበርድ የሚባለውን ጫኑት፤ በ2002 በፈረንጆች አቆጣጠር የተጀመረ፣ ያያችሁትን ወፍ ለዓለም የምታስመዘግቡበት ነው። ቀለበት ያላት ወፍ ካገኛችሁም በዚያው ስልክ ቁጥሯን አንስታችሁ በደቂቃ ውስጥ መላክ ትችላላችሁ። እኔ ያኔ ይህ ቢኖረኝ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ይሁን እንጂ በስልክም ሰው ያነሳውን ፎቶ መልሶ እንደማያየው አውቃለሁ። ሺህ ፎቶ ውስጥ ያለ ቁጥር ጠመኔ ካርቶን ውስጥ እንዳለ ቀለበት ነው። በእጁ የጻፈ ሰው ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ አስቦታል።

ስትጽፉ ደግሞ የወፏን ብቻ አትጻፉ። ያሳያችሁን ሰው ስም ጻፉ። ምን እንደጠየቃችሁ ጻፉ። መልስ ያመጣችሁለትን ቀን ጻፉ። ዓሣ አጥማጁ፣ እረኛው፣ ጀልባ ቀዛፊው ከእናንተ በፊት ነው ወፏን ያየው።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ መልሴ ይህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ጎርጎራ እወርዳለሁ። ብትመጪ የአባባን ልጅ አስተዋውቅሻለሁ፤ እሱም አሁን ሸምግሏል። እውነቱን ገና አልነገርኩትም። የዚያን ዕለት እነግረዋለሁ። ገሎቹ መጥተው ወደቡ ዳር ድንጋዮቹ ላይ ከቆሙ ደግሞ አብረን እናያቸዋለን። አሁን ባይኖኩላር አለኝ። እኔ መጀመሪያ እግራቸውን ነው የማየው። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።