ለተርሚናል መመሪያ ማንበቢያ የሚሆን ራስጌ

ጥያቄው የመጣው ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። ጸሐፊዋ እንዲህ ትላለች፦ «የማሽኖቹን መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅተን፣ በተርሚናል (ጽሑፍ ብቻ በሚያሳየው መስኮት) የሚነበብበት ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። መካኒኮቹ በአሮጌ ኮምፒውተሮች በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከርቀት መግቢያ) ገብተው ያነባሉ። የየገጹ የመጀመሪያ መስመር ፋይል፣ ክፍል፣ ቀጣይ፣ ቀዳሚ፣ ላይ እያለ ይዘረዝራል። ሰዎቹ ግን ይጠፋሉ። መስመሩ ይቆረጥና ጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ‹ቀጣይ› ሲሉ ደግሞ ደረጃ ይዘላሉ። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉም የሚስተካከል ነው። መጨረሻ ላይ ከጻፍሽው ልጀምር፤ እሱ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ራስጌሽ፣ ማለትም ያ የመጀመሪያ መስመር፣ በተርሚናል መመሪያ የሚነበብበትን የጂኤንዩ ኢንፎ ፕሮግራም መንገድ የተከተለ ነው። ኢንፎ ውስጥ እያንዳንዱ ገጽ ኖድ ይባላል፤ ኖዶቹ በእርከን ይደረደራሉ። የኤን (n) ቁልፍ የሚወስደው በዚያው እርከን ላይ ወዳለው ቀጣይ ኖድ ነው። ከሥር ያሉትን ንዑሳን ክፍሎች አልፏቸው ይሄዳል። ኢንፎን ለለመደ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ለአንቺ መካኒክ ግን አይሆንም።

የላክሽልኝን ማውጫ እንይ። «ዋና ሞተር» ሥር «ኩሽኔታ መቀየር» እና «ቺንጋ መወጠር» አሉ። «ኩሽኔታ መቀየር» ደግሞ አራት ንዑሳን አሉት፦ መብራት ማጥፋት፣ ቺንጋ ማውጣት፣ ኩሽኔታ መንቀል፣ ግራሶ መቀባት። መካኒኩ «ኩሽኔታ መቀየር»ን ይከፍታል። ሁለት መስመር መግቢያ ያነብና ቀጣይን ይጫናል። «ቺንጋ መወጠር» ይመጣለታል። መብራት አጥፋ የሚለውን ገጽ ጭራሽ አላየውም! ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ቀጣይ ሲል በንባብ ተራ የሚከተለውን ገጽ ማለቱ ነው።

ስለዚህ ቀጣይን እንዲህ አድርጊው። ገጹ ንዑስ ክፍል ካለው ወደ መጀመሪያው ንዑስ ይውረድ። ከሌለው እርከኑ ላይ ወደሚከተለው ይሂድ። እርከኑ ካለቀ ወደ ወላጁ ተከታይ ይውጣ፤ እሱም ከሌለ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይፈልግ። ኢንፎ ራሱ ይህን ዓይነት ጉዞ አያጣም። በካሬ ቅንፍ መዝጊያ (]) ቁልፍ ይሠራል፤ ስፔስን እየተጫኑ ሲያነቡም ገጹ ሲያልቅ ወደ ንዑሱ ይገባል። የመዝለሉን ነገር አትጣይው፤ ለሚያውቅ ሰው ጊዜ ይቆጥባል። ግን ሌላ ቁልፍ ስጪው፣ ስሙንም «ክፍሉን ዝለል» በይው።

ቀዳሚና ተመለስም ይለያዩ። ቀዳሚ በመመሪያው ቅደም ተከተል ከዚህ ገጽ በፊት ያለው ነው። ተመለስ ሰውዬው ከየትም ይምጣ ቅድም ወደነበረበት ይወስደዋል። ኢንፎ ለመጀመሪያው የፒ (p)፣ ለሁለተኛው የኤል (l) ቁልፍን መድቧል። አንድ ቁልፍ ላይ ካጨቅሻቸው፣ ከማውጫ ወይም ከፍለጋ ዘሎ የመጣ ሰው መመለሻ ያጣል።

አሁን ወደ ራስጌው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በጉም የሚወርድ ሾፌር ማወቅ የሚፈልገው የትኛው ኩርባ ላይ እንዳለና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ነው። የመኪናውን ታርጋ ማንም አይነግረውም። የፋይሉ ስም ታርጋ ነው፤ አውጪው። መካኒኩ የከፈተውን መመሪያ ያውቀዋል። እኔ ብሆን ከላይ ይህችን ብቻ እተው ነበር፦

ዋና ሞተር › ኩሽኔታ መቀየር › መብራት ማጥፋት    1/4

ከታች፣ ግርጌው ላይ፦

ቀጣይ፦ ቺንጋ ማውጣት    ወደ ክፍሉ፦ ኩሽኔታ መቀየር

የላዩ የት እንዳለ ይነግረዋል፣ የታቹ ወዴት መሄድ እንደሚችል። «1/4» ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሦስት ደረጃ ገና እንደሚቀር ለሰውዬው የሚነግረው እሱ ብቻ ነው፤ በእኔ እምነት ከራስጌው ሁሉ ውዱ ቁራጭ ነው። «ላይ» የሚለውን ደግሞ የመድረሻው ስም ይተካው። ብዙ ሰው ጽሑፉን ወደ ላይ ማንሸራተት መስሎት ነው የሚጫነው።

የቪቲ100 ተርሚናል በ1978 ከወጣ ወዲህ የለመድነው ስክሪን 80 ዓምድ በ24 መስመር ነው። አንድ ለራስጌ፣ አንድ ለግርጌ ብትወስጂ 22 ለጽሑፉ ይቀራል። ከዚያ በላይ አትውሰጂ። ራስጌውን ግን ከጽሑፉ ጋር አታሸብልይው፤ ተርሚናል ላይ መስኮት በሚከፍተው የሲ ላይብረሪ በኤንከርስስ (ncurses) የራሱ ባለ አንድ መስመር መስኮት ይኑረው። ሰው የሚጠፋው ገጹ መሃል ላይ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ያንቺ ራስጌ ከላይ ሾልኮ ወጥቷል። የጽሑፍ ማረሚያው ኢማክስም የኢንፎን ራስጌ ከላይ አስሮ የሚያቆየው ለዚሁ ነው።

የጥያቄ ምልክቱ የመጣው በባይት ስለቆጠርሽ ነው። ፊደል ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ኩሽኔታ መቀየር» ስክሪን ላይ 9 ዓምድ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ግን 25 ባይት። ጽሑፉን 80ኛው ባይት ላይ ስትቆርጪው፣ ክፍተት ከሌለ 26 ሙሉ ፊደል ይገባና 2 ባይት ይተርፋል። ያ የፊደል ስባሪ ነው የጥያቄ ምልክት ሆኖ የሚታይሽ። ጽሑፍ የሚያትመው ፕሪንትኤፍም (printf) በሲ ስፋትን የሚለካው በባይት ነው፤ 20 ብትይው ለዚህ ርዕስ አንድም ክፍተት አይጨምርም፣ ምክንያቱም 25 ደርሷል። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የቋንቋ ማስተካከያውን ሴትሎኬልን (setlocale) ጥሪ። ጽሑፉን ወደ ሰፊ ፊደል (wchar_t) ቀይሪና ስፋቱን በዓምድ በሚቆጥረው በደብሊውሲኤስዊድዝ (wcswidth) ለኪ። ከኤንከርስስም ደብሊው ያለበትን ቅጂ (ncursesw) ተጠቀሚ፤ ተራው አማርኛን ያበላሽብሻል።

መቁረጥ ግድ ሲሆን ከግራ ጀምሪ። «ዋና ሞተር» በሦስት ነጥብ ይተካ፤ ሰውዬው ያለበት ገጽ ርዕስ አይነካ። ርዕሱ ራሱ 30 ፊደል ካለፈ ችግሩ ኮዱ ላይ አይደለም፣ መመሪያውን የጻፈው ሰው ያሳጥረው።

ሌላም አለ። ተርሚናሉ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል እንደ አንድ ዓምድ ቢቆጥርም፣ ብዙ ፎንት ላይ «ጨ» እና «ሠ» ከዓምዳቸው ይሰፋሉ። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ዙሪያ ሳጥን አትሥሪ፤ የቀኝ መስመሩ ይዛነፋል። «1/4»ንም በክፍተት እየገፋሽ አታድርሺው። ጠቋሚውን በቀጥታ ወደ 75ኛው ዓምድ ላኪና እዚያ ጻፊው። ከመጻፍሽ በፊት መስመሩን ሙሉ በሙሉ አጥፊ፤ አለዚያ የድሮው ርዕስ ጭራ ይቀራል። ዊንዶው ከሌለው ባዶ የሊኑክስ ኮንሶል ላይ የሚያነብ ካለ፣ ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ ላይ የኮንሶል ማስተካከያው (console-setup) ውስጥ ጎሃ የሚባል የግዕዝ ፎንት አለ።

ለቀለም ጊዜሽን አታባክኚ። የመደቡንና የፊደሉን ቀለም አለዋውጪ፣ ይበቃል።

ቀጣይና ቀዳሚን በየፋይሉ በእጅሽ ነው የጻፍሽው አይደል? ነገ መሃል ላይ አንድ ገጽ ስትጨምሪ ሁለቱም ጎረቤቶቹ ይሳሳታሉ። ማውጫውን ብቻ ጻፊ፣ ራስጌውን ፕሮግራሙ ከማውጫው ያውጣው። የኢንፎ ፋይሎችን የሚያዘጋጀው ቴክሲንፎም የኖዱ ስም ብቻ ከተጻፈለት ቀሪውን ራሱ ይሞላል።

በመጨረሻ ኪቦርዱ። መካኒኩ አማርኛ ሲጽፍ ቆይቶ ሳይቀይረው ኤንን ቢጫን የሚደርስሽ «ን» ነው፤ ፒ «ፕ» ይሆናል፣ ኪው «ቅ»። ፕሮግራሙ ዝም ይላል፣ ሰውዬው የተሰቀለ ይመስለውና መስኮቱን ይዘጋል። ቁልፍ ለመቀበል በጌትሲኤች (getch) ፋንታ ሰፊ ፊደል የሚያነበውን ጌት-ደብሊውሲኤች (get_wch) ተጠቀሚና «ን»ን እንደ ኤን፣ «ፕ»ን እንደ ፒ፣ «ቅ»ን እንደ ኪው ተቀበያቸው። አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያ ቀጣዩ ቁልፍ እስኪመጣ ፊደሉን ይዞ ስለሚቆይ፣ የቀኝና የግራ ቀስት ቁልፎችም ያንኑ ሥራ ይሥሩ። ግርጌው ላይ መጀመሪያ የሚታዩትም ቀስቶቹ ይሁኑ።