መልስ፦ የጀልባ ሞተር እየላላ ሲያስቸግር

ወንድሜ፣ ጣና ላይ የምትሠራበት ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ባጠበቅከው ቁጥር የሚላላው በንዝረቱ ነው። ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያጣብቁት የእጅ ብሎኖች ብቻቸውን አይበቁም። መጀመሪያ ሞተሩ የሚቀመጥበትን የኋላ ሳንቃ መታ መታ አድርገህ እየው። ጫን ስትለው ከሰረጎደ በስብሷል፤ ምንም ብሎን አይዘውም፣ ይቀየር። ጤነኛ ከሆነ በሞተሩ ማቀፊያ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ትክክል ሳንቃውን ብሳና የማይዝግ ብሎን አሳልፍ፤ ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ አስገባበት። ቀዳዳውን ውሃ በማያሳልፍ ማሸጊያ መሙላቱን እባክህ እንዳትተወው፤ ሳንቃን የሚያበሰብሰው በዚያ የሚገባው ውሃ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ሞተሩን በሰንሰለትም ከጀልባው ጋር እሰረው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅ።