እናቶቻችሁን ከአፓርታማ አውጧቸው፤ ፖቶማክ እዚሁ ነው

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይ ደግሞ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። እዚህ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሰው ሲመጣ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ሲያገባ፣ ሲወልድ አይቻለሁ። ከተማው ማስታወቂያዎቹን ወደ አማርኛ እስከ ማስተርጎም የደረሰው ስለበዛን ነው። ኑሯችን ግን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው። አርብ መስጊድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በቃ። ኦልድ ታውን የሚባለው የድሮው ከተማ በ1749 ፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። እዚያው አሌክሳንድሪያ አሥር ዓመት ኖረው አንድ ቀን እንኳ ያልረገጡት ሰዎች አውቃለሁ።

እናንተስ ይሁን፣ ሥራው አድክሟችሁ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የእናቶቻችን ነገር ነው። ልጅ ሲወለድ ከአገር ቤት ትጠሯቸዋላችሁ። ስድስት ወር ሕፃን ታቅፈው፣ መስኮት ሥር ቁጭ ብለው፣ የቆሙ መኪኖች ሲያዩ ይከርማሉ። ከዚያ ሻንጣ ሞልታችሁ ትሸኟቸዋላችሁ። ጎረቤት «አሜሪካ እንዴት ነው?» ሲላቸው ምን ብለው ይመልሱ?

1. ወረቀት

እናታችሁ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችሉ የሚወስነው ቪዛው ላይ ያለው ቀን ሳይሆን አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ የተጻፈው የመመለሻ ቀን ነው፤ የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስ ሳትገዙላቸውም አታስመጧቸው።

2. ገንዘብ

ብር የለም የሚለውን ሰበብ ተዉት። ዳሽ የሚባለው የከተማው አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ነጻ ነው። ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ እስከ ወንዙ ዳርቻ የሚመላለሰው ትሮሊ የሚባለው አውቶቡስም አይከፈልበትም። ወንዝ ዳር ያሉት መናፈሻዎች ክፍት ናቸው። ቶርፒዶ ፋክተሪም መግቢያ አይጠይቅም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት በ1918 ግንባታው የተጀመረ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር። ከ1974 ወዲህ ሠዓሊዎችና ሸክላ ሠሪዎች እየሠሩ የሚታዩበት ቤት ሆኗል። እናታችሁ ሸክላ ሲሠራ ለማየት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ምሳ ቋጥሩ፣ ቡናውን በፔርሙስ ያዙ። ወደ ጆርጅታውንና ወደ ናሽናል ሃርበር የሚሄደው የውሃ ታክሲ ይከፈልበታል፤ ግን አንድ ጊዜ ቢሳፈሩበት ለአንድ የልደት ድግስ ከምታወጡት አይበልጥም።

3. መንገዱ

ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ። ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ገበሬዎች አትክልትና አበባ ይዘው ይመጣሉ። ገበያው ከ1753 ጀምሮ የቆየ ነው ይባላል። እናታችሁ ጎመኑን ይገልብጡት፣ ዋጋ ይጠይቁ፣ ተወደደ ይበሉ። ተዉዋቸው። አታፍሩባቸው።

የእግረኛ መንገዱ ጡብ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ተነስቷል። ካፕቴንስ ሮው የሚባለው የፕሪንስ ስትሪት ክፍል ደግሞ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ጉልበት የሚያማቸው እናት እዚያ ላይ በሸበጥ አይሂዱ፣ ስኒከር ግዙላቸው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ወይም ወንዙ ሲሞላ የኪንግ ስትሪት ጫፍ ውሃ ይተኛበታል። ሚያዝያና ጥቅምት ጥሩ ናቸው። የሐምሌው ወበቅ ለእሳቸውም ለሕፃኑም አይሆንም።

4. ልጁ ያስጎብኝ

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ።

ልጆቻችሁ አማርኛ ይሰማሉ፣ አይመልሱም። እናንተ በአማርኛ ትጠይቃላችሁ፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ እናንተም ትቀበላላችሁ። ከዚያ «ልጄ ይሰማል እኮ» እያላችሁ ለሰው ትናገራላችሁ። ይሰማል ማለት ይችላል ማለት አይደለም። የሚሰማው ልጅ አድጎ የሚወልደው ልጅ ጭራሽ አይሰማም።

ቤታችሁ ውስጥ ግን እንግሊዝኛ የማይችል ሰው አለ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው! ልጁ ከእናንተ ጋር በእንግሊዝኛ ማምለጥ ይችላል፤ ከአያቱ ጋር አይችልም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? መሃል ትገቡና ታስተረጉማላችሁ። አያትየው ይጠይቃሉ፣ እናንተ ትመልሳላችሁ፣ ልጁ ስልኩ ላይ ይደፋል። በገዛ እጃችሁ በሩን ትዘጉታላችሁ።

ስለዚህ ኦልድ ታውን ስትሄዱ አስጎብኚው ልጁ ይሁን። በየቦታው የቆመውን ጽሑፍ ያንብብና ለአያቱ በአማርኛ ይንገራቸው። እናንተ ወደ ኋላ ቅሩ። ቃል ሲጠፋው አትዝለሉ። ይንተባተብ፣ በእጁ ያሳይ፣ ዞሮ ዞሮ ያስረዳ። አያቶች ደግሞ ጥያቄ አያልቅባቸውም። ይሄ ወንዝ ከየት ይመጣል? ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች። የት ይገባል? ቼሳፒክ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ። ልጁ ካላወቀ ፈልጎ ይንገራቸው።

አንድ ጎረቤቴን ከነእናቱ፣ ከነአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ይዤ ሄጄ ነበር። ከወንዙ ትንሽ ራቅ ብሎ ዋይዝ ስትሪት ላይ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም አለ። በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በነሐሴ 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች የነጮች ወደሆነው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ተራ በተራ ገቡ። ካርድ ጠየቁ፣ ተከለከሉ። መጽሐፍ አንስተው ዝም ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ይዟቸው ሄደ። ነገሩን ያቀነባበረው ሳሙኤል ታከር የሚባል የዚሁ ከተማ ልጅ፣ ወጣት ጠበቃ ነው። ከተማው በሩን እንደመክፈት ለጥቁሮች ሌላ ትንሽ ቤት ሠራ። ታከር ከዚያኛው ካርድ አልወስድም አለ።

ልጁ ይህን ለአያቱ ሲነግር አላበው። «መጽሐፍ... አነበቡ። ፖሊስ... ወሰዳቸው።» እሳቸው ቆም አሉ። «ስላነበቡ ነው የታሰሩት? ሰርቀው ነው?» «አይ፣ አልሰረቁም። ጥቁር ናቸው።» «እና አንተን እዚህ ቢያገኙህ?» ልጁ መልስ ፈለገ። አባትየው አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። ልጁ በመጨረሻ «እኔንም» አላቸው። ከዚያ ቤት እስኪደርሱ ሁለቱ ሲያወሩ ነበር፤ ስለ ታከር፣ ስለ እሳቸው ትምህርት ቤት፣ ፊደል ስላስቆጠሯቸው የኔታ። ልጁ የኔታ ማን እንደሆኑ ያን ቀን ነው የሰማው።

የእኔ እናት መጥታ በነበረበት ጊዜ ይህን የሚመክረኝ ሰው አላገኘሁም። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ አይናገሩም። እሷም አርፋለች። ፎቶዋን እያዩ የሚጠይቁኝ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ብቆጣ አትቀየሙኝ።

5. ዱክ ስትሪት

1315 ዱክ ስትሪት ላይ ሦስት ፎቅ ያለው የጡብ ቤት አለ። ብዙዎቻችሁ በየቀኑ በመኪና ታልፉታላችሁ። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ሰው ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩበት ነው። እዚህ ታስረው በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ በእግር በሰንሰለት ተቀጣጥለው ሚሲሲፒ ውስጥ ወዳለችው ናቼዝ ይጋዙ ነበር። ከእነሱ በኋላም ሌሎች ነጋዴዎች ቀጠሉበት። ንግዱ የቆመው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር በግንቦት 1861 ከተማውን ሲይዝ ነው። አሁን ፍሪደም ሃውስ የሚባል ሙዚየም ሆኗል፤ በ2020 ከተማው ገዛው። የመክፈቻ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ። ትናንሽ ልጆችን አታስገቡ፣ ከፍ ያሉት ግን ይዩት። ልጆቻችን ትምህርት ቤት «ጥቁር» ሲባሉ ምን እንደሚሸከሙ አያውቁም። እኛም «እኛ ሐበሻ ነን» ብለን እናልፈዋለን። መንገድ ላይ የሚያስቆማቸው ፖሊስ ይህን ልዩነት አያውቅም።

ደቡብ ዋሽንግተን ስትሪት ላይ ደግሞ ከ1864 እስከ 1869 ከባርነት አምልጠው የመጡ 1,800 ያህል ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ አለ። በኋላ ቤንዚን ማደያ ተሠርቶበት ነበር። ማደያው ፈርሶ በ2014 መታሰቢያ ቆመበት። እናታችሁ እዚያ ሲደርሱ ነፍስ ይማር ማለታቸው አይቀርም። ለማን እንደሆነ ልጁ ይንገራቸው።

ማውንት ቨርነንም የሚሄድ ይሂድ። የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ያምራል፣ ወንዙም ከዚያ ላይ ሲታይ ያምራል። እሱ በሞተበት በ1799 ግን እዚያ 317 ባሮች ነበሩ። መታሰቢያቸው ከመቃብሩ ብዙ አይርቅም፤ ሳታዩት እንዳትመለሱ።

6. ትናንሾቹ ሲሰለቹ

ጆንስ ፖይንት ውሰዷቸው። ከትልቁ ድልድይ ሥር ነው። ሰፊ ሜዳ፣ መጫወቻና በ1855 የተሠራ ትንሽ የመርከብ መብራት ቤት አለ። የዲሲን ወሰን ለመለካት በ1791 የመጀመሪያው ድንጋይ የተተከለውም እዚያው ነው። በዚያ ልኬታ ቤንጃሚን ባኔከር የሚባል ነጻ ጥቁር የከዋክብት ሊቅ ተሳትፏል። ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ ልጁ ለአያቱ ምን እንደያዙ ጠይቆ ይንገራቸው። ቅዳሜ ፈረቃ ያለባችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፤ ገበያው ብቻ ነው የሚቀርባችሁ።