ጃማይካን ለዕረፍት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለተላኩ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በጡረታ የምንኖር የድሬዳዋ ሰዎች ነን። ቶሮንቶ ያለችው ልጃችን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ጃማይካ ላይ ተገናኝተን ዐሥር ቀን አብረን እንድንሰነብት ጋብዛናለች። የመረጠችው ሆቴል ሞንቴጎ ቤይ በተባለ ከተማ ያለ፣ ምግቡም መጠጡም መዝናኛውም በአንድ ክፍያ የተጠቃለለበት ነው። ጊዜው ልጆቹ ከትምህርት በሚያርፉበት በነሐሴ እንዲሆን አስባለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ እኔ ከጅቡቲ በቀር ባሕር አላየሁም፣ ዋናም አልችልም። ዐሥር ቀን ሙሉ ምን እያየን እንውላለን? ምንስ እንበላለን? (የከዚራ አንባቢ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ የመረጠችው ሆቴል ከረጅም ጉዞ በኋላ ለማረፍ ጥሩ ነው፤ ዐሥሩንም ቀን እዚያው አጥር ውስጥ ማሳለፍ ግን ያስቆጫል። አሸዋና ሰማያዊ ውኃ በካሪቢያን ደሴቶች ሁሉ ሞልቷል። ጃማይካን ከብዙዎቹ የሚለያት ከባሕሩ ጀርባ ያለው አገር ነው፦ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 235 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝመው ደሴት በአብዛኛው ተራራማ ስትሆን፣ ከፍተኛው ጫፏ 2,256 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ግማሹን ጊዜ በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ፣ ግማሹን በዋና ከተማዋ በኪንግስተንና ከበላይዋ ባሉት ተራሮች እንድታሳልፉ እመክራለሁ። ለልጅዎም ይህንኑ ቢነግሯት፣ የሆቴሉን ክፍያ ለዐሥር ቀን ከመፈጸሟ በፊት ይሁን።

የነሐሴው ነገር ከሆቴሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በአካባቢው የአውሎ ነፋስ ወራት የሚባለው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ የሚበረታውም ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። በየዓመቱ ደሴቲቱን ይመታል ማለት አይደለም፤ ሲመታ ግን ምን እንደሚያደርስ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ታይቷል። ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ የመጨረሻ በሆነው በአምስተኛ ደረጃ ኃይል ምዕራባዊውን ጃማይካ መትቶ እንደ ብላክ ሪቨር ያሉ ከተሞችን ክፉኛ አፍርሷል። በምዕራቡ በኩል ለማረፍ የሚያስብ ሰው ሆቴሉም ሆነ የሚጎበኘው ስፍራ ሥራ መጀመሩን አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ልጅዎ የምትኖርበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ተማሪዎች በማርች ወር አጋማሽ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚያርፉ፣ ዐሥሩ ቀን ወደ ስምንት ቢያጥርም እኔ ያንን እመርጥ ነበር፦ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ዝናቡ የሚያንስበት፣ ሙቀቱም የሚረግብበት ነው። የሆቴል ዋጋ ያን ጊዜ እንደሚወደድ አልሸሽግዎትም። ከጾም አንጻርም ለውጥ የለውም፤ ከፍልሰታ ሲያመልጡ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃሉ።

በሰሜኑ ዳርቻ ሳላችሁ አንዱን ቀን ለደንስ ሪቨር ፏፏቴ ስጡት። ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ያለው ይህ ወንዝ በደረጃ በደረጃ በተቀመጠ ዐለት ላይ 180 ሜትር ያህል እየተንሸራተተ ወርዶ ወዲያው ባሕር ውስጥ ይገባል። ጎብኝዎች ከታች ከባሕሩ ዳር ተነሥተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በአስጎብኚ እየተመሩ ውኃው ውስጥ ሽቅብ ይወጡታል። የልጅ ልጆችዎ ከጉዞው ሁሉ ይህንን ሳያስታውሱ አይቀሩም። ለባለቤትዎ ጉልበት ግን ዐለቱ የሚሆን አይደለም፤ ከፏፏቴው ጎን ደረጃ ስላለ እርስዎና እርሳቸው በእርሱ እየወጡ ልጆቹን ማየት ትችላላችሁ። ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ኦቾ ሪዮስ ላይ በሚቆሙበት ቀን ስፍራው ስለሚጨናነቅ መርከብ የሌለበትን ቀን ጠይቃችሁ፣ በጠዋት ሂዱ። በተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሌላ ቀን ይሁን። ደቻቱ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ በዘነበ ዝናብ እንዴት እንደሚሞላ የሚያውቅ የድሬ ሰው ለዚህ ምክንያት የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ዋና ለማይችል ሰው የሞንቴጎ ቤዩ ዶክተርስ ኬቭ የተባለው ዳርቻ ይመቻል፤ ውኃው የጠራና ብዙውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው። ጅቡቲ ላይ ውኃው ርቆ ሸሽቶ፣ ቆይቶ ሲመለስ አይተው ይሆናል፤ በካሪቢያን ባሕር ግን የውኃው ከፍና ዝቅ ማለት በጣም ትንሽ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ቀን እስከ ቁርጭምጭሚትም ቢሆን አይግቡ። ፀሐይ ለድሬ ሰው አዲስ እንዳልሆነች ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ከውኃውና ከአሸዋው ላይ ተንጸባርቃ ስትመጣ፣ የባሕሩ ነፋስ ደግሞ ሙቀቷን ሲሸፍነው፣ ቆዳ መቃጠሉ የሚታወቀው ማታ ነው። ቅባቱንና ሰፊውን ባርኔጣ አይርሱ።

ጉልበት የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛው በማርታ ብሬ ወንዝ ላይ በቀርከሃ ታንኳ መንሸራሸር ነው፦ ቀዛፊው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ እየገፋ፣ ሁለት ሰው ከኋላ ተቀምጦ፣ በዛፎች ጥላ ሥር በዝግታ ይወረዳል። ሁለተኛው ይኸው ወንዝ ፋልማውዝ ከተማ አጠገብ ከባሕር ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ያለው የሚያበራ ውኃ ነው። ጨውና ጨው አልባ ውኃ በሚገናኙበት በዚያ ሐይቅ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ እነርሱም ሲነኩ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። ማታ በጀልባ ሄደው እጅዎን ውኃው ውስጥ ቢነክሩ ጣቶችዎ ሲያበሩ ያያሉ። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ይሻላል፤ ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ማታ ግን ገንዘቡ ባይወጣ ይመረጣል።

ከሰሜኑ ዳርቻ ወደ ኪንግስተን ሲሻገሩ፣ ሐረር ለምትጎራበተው ለድሬዳዋ ሰው ሌላ ጃማይካ ይገጥመዋል። ከኢትዮጵያ መምጣትዎን ሲናገሩ በጉጉት የሚጠይቅዎ ሰው ብዙ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱበት ኤጀርሳ ጎሮ ከከተማችሁ ብዙ እንደማይርቅ ሲጨምሩበትማ ራስ ተፈሪያን የሆነ ሰው ቶሎ አይለቅዎትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ የተሰበሰበው ሕዝብ የአውሮፕላን ማረፊያውን ጥበቃ ጥሶ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ገብቶ ነበር፤ ራስ ተፈሪያን ዕለቱን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብሩታል። እምነታቸውን ባንጋራውም በክብር መስማት ይገባል፤ ስለ ንጉሡ ያለንን የቤት ውስጥ ክርክር ይዘን ብንገባ ግን ጨዋታው ይበላሻል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1970 ኋላ ሊቀ ጳጳስ በሆኑት በአቡነ ይስሐቅ አማካይነት እዚያ ተተክላለች። በማክስፊልድ ጎዳና ያለችውን የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ለቅዳሴ መሄድ ትችላላችሁ፤ ሰፈሩ ለእንግዳ በእግር የሚዞሩበት ስላልሆነ ሆቴሉ በሚያውቀው ታክሲ ሄዳችሁ በዚያው ተመለሱ።

የቦብ ማርሌይ መኖሪያ የነበረው የሆፕ ጎዳናው ቤት አሁን ሙዚየም ነው። የተወለደበትና የተቀበረበት ናይን ማይል ደግሞ በሰሜን በኩል በሴንት አን ኮረብቶች ውስጥ የምትገኝ መንደር ናት። ሁለቱንም ማየት ግድ አይመስለኝም፤ አንዱ ይበቃል ካላችሁ ሙዚየሙን ምረጡ፣ ወደ ናይን ማይል የሚወስደው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነውና። ብሉ ማውንቴን በተባለው ተራራ ጫፍ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ሰዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥተው ለሰዓታት ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ያ ለልጅዎና ለባሏ ይቆይ። ለእናንተ ከኪንግስተን በመኪና ተነሥቶ ሆሊዌል የተባለው የተራራ ፓርክ ድረስ ወጥቶ መመለስ በቂ ነው። ሹራብ ያዙ፣ ደጋ ነው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ጾመኛ ጃማይካ ላይ አይቸገርም። ራስ ተፈሪያን ኢታል የሚሉት አበሳሰል ሥጋ የሌለበት፣ ጨውም የሚቀነስበት ሲሆን፣ ባቄላው፣ ጎመኑና ሥራ ሥሩ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ብዙዎቹ ዓሣ ስለሚበሉ «ዓሣም አይግባበት» ብሎ መናገር አይከፋም። የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ የሆነው አኪ ፍሬ ከደረቀ ዓሣ ጋር የሚጠበስ ነው። አኪ ሳይበስልና በራሱ ጊዜ ሳይከፈት ከተበላ መርዝ ስለሆነ፣ ልጆቹ ከዛፍ ሥር ያገኙትን አንሥተው እንዳይቀምሱ ተቆጣጠሯቸው፤ ሆቴልና ምግብ ቤት ውስጥ የሚቀርበው ግን አያሰጋም። በበርበሬ ቢጤ ሚጥሚጣቸው ታሽቶ ፒሜንቶ በተባለ የቅመም ዛፍ እንጨት ጭስ የሚጠበሰው ጀርክ የተባለው ዶሮ ከጾሙ ውጭ ላለ ሰው ነው። አማችዎ ይብሉልዎት።

ከከተማ ወደ ከተማ ለመጓዝ ናትስፎርድ ኤክስፕረስ የተባለው አውቶቡስ ሞንቴጎ ቤይን፣ ኦቾ ሪዮስንና ኪንግስተንን ያገናኛል፤ ምቹ ነው። ታክሲ ስትይዙ ሰሌዳው ቀይ መሆኑን ተመልከቱ፣ ፈቃድ ያለው እርሱ ነው፤ ዋጋውንም ሳትገቡ ተስማሙ። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስታቋርጡ ዓይናችሁ በለመደው አቅጣጫ ብቻ እንዳይመለከት።

ጥያቄ፦ ቡና ነጋዴ ነኝ፤ ለዕረፍት ጃማይካ ስሄድ የብሉ ማውንቴንን የቡና እርሻ ልጎበኝ አስቤያለሁ። ያን ያህል የሚወደደው በእርግጥ ከሐረር ቡና በልጦ ነው? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ በመብለጥ ሳይሆን በማነስ ነው ብል ይቀለኛል፤ የሚበቅልበት ስፍራ ትንሽ ነውና። በዚህ ስም የሚሸጠው በሕግ በተከለለው ተራራማ አካባቢ ከ910 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ የበቀለ ብቻ ነው፤ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚለቀመውም በእጅ ነው። ዋነኛዋ ገዢ ጃፓን ሆና ቆይታለች፤ ቡናውም በጆንያ ሳይሆን በእንጨት በርሜል ተሞልቶ ይላካል፣ ይህን በዓይንዎ ማየት ለነጋዴ ደስ ይላል። ዘሩ ከእኛው አገር በየመን በኩል ወጥቶ፣ በደቾችና በፈረንሳዮች እጅ ዞሮ፣ ማርቲኒክን አልፎ ጃማይካ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው፤ ያስመጣውም የደሴቲቱ አስተዳዳሪ የነበረው ኒኮላስ ሎስ ነው። በጣዕም በኩል ግን እንግዳ ይሆንብዎታል። የእነርሱ ቡና በውኃ ታጥቦ የሚዘጋጅ፣ ለስላሳና ምሬት የሌለው ሲሆን፣ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀውን የሐረር ቡና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ኃይል የለመደ አፍ መጀመሪያ ላይ «ቀጠነ» ማለቱ አይቀርም። ሲገዙ በከረጢቱ ላይ ቅይጥ መሆኑ የተጻፈበትን ይተዉ፤ ከሌላ ቡና ጋር የተደባለቀ ነው። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ያለበትን የተቆላ ቡና ይምረጡ። ለእርሻ ጉብኝቱም አስቀድመው ቀጠሮ ይያዙ፣ በመንገድ ላይ ደርሶ መግባት ሁልጊዜ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ጃማይካ እሄዳለሁ። ለመንገድ የሚሆነኝን ጫት ይዤ ብወጣ ችግር አለው? እዚያስ ጋንጃ ነፃ ነው የሚባለው እውነት ነው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይያዙ። ከአወዳይ የገዙት የጫት እስር እዚህ ሕጋዊ ቢሆንም፣ ወደ ጃማይካ ሲሄዱ ሊያልፉባቸው በሚችሉ በአሜሪካም በካናዳም በእንግሊዝም የተከለከለ ነው፤ ትራንዚት ላይ ነኝ ማለትም አያድንም። ጋንጃውም ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሕግ እስከ 56 ግራም ያህል የያዘን ሰው ወንጀለኛ ከመባል አውጥቶ በገንዘብ ቅጣት እንዲያልፍ አደረገ፤ ራስ ተፈሪያንም ለእምነታቸው እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። በአደባባይ ማጨስ ግን ክልክል ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ይዞ መገኘት ደግሞ እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል።

በጫቱ ፈንታ ሊይዙት የሚገባው ቢጫ ካርድዎን ነው፤ ጃማይካ የቢጫ ወባ በሽታ ከሚያሰጋቸው አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል አሮጌውን ካርድ ፈልገው ያውጡ። በአሜሪካ በኩል የሚያልፉ ከሆነ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልግዎታል። ስለዚህ የመንገዱንና የጃማይካን የቪዛ ጉዳይ ከየኤምባሲው ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ትኬቱን ይቁረጡ።