የጃቫ ጥያቄዎቻችሁ፦ ማን ይቅደም?

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የደረሱኝ ሦስት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ስፕሪንግ በሚባለው የጃቫ ድረ ገጽ መሥሪያ ውስጥ፣ ከተጠቃሚው የመጣ ጥያቄ (ሪኩዌስት) ኮንትሮለር የሚባለው መላሽ ኮድ ጋ ሳይደርስ የሚያልፋቸው ኬላዎች ተራ ላይ። ኢንተርሴፕተር አንዱ ኬላ ነው። አብሬ ልመልሳቸው።

«ወደ ጣና ገዳማት ለሚሄዱ ጀልባዎች የትኬት መሸጫ በስፕሪንግ እየሠራን ነው። ሎግ የሚይዝና መግቢያ የሚፈትሽ ሁለት ኢንተርሴፕተር አለን። የተከለከለ ሰው ሙከራ ግን ሎጉ ላይ አይታይም።» (የፖሊ ተማሪዎች)

ፈታሹን አስቀድማችሁ መዝግባችሁት ይመስለኛል። ፈታሹ ከኮንትሮለሩ በፊት በሚጠራው ፕሪሃንድል ላይ ፎልስ (አይለፍ) ከመለሰ የጥያቄው ጉዞ እዚያው ያበቃል፤ ከኋላው ያለው ሎግ ጭራሽ አይጠራም። ሎጉን ከፊት አድርጉት።

ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይታችሁ ይሆናል። ካህኑ ወደ መቅደስ ሲገባ መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ከዚያ ቅድስቱን ያልፋል። ሲወጣ ቅድስቱ ይቀድማል። ኢንተርሴፕተርም እንደዚሁ ነው። ፕሪሃንድል በተመዘገበበት ተራ ይሄዳል፤ ኮንትሮለሩ ሲጨርስ የሚጠራው ፖስትሃንድልና ሁሉም ሲያበቃ የሚጠራው አፍተርኮምፕሊሽን በግልባጩ ይመለሳሉ። ሎጉ ከፊት ሆኖ ትሩ (ይለፍ) ብሎ ካለፈ፣ ፈታሹ ቢከለክልም የሎጉ አፍተርኮምፕሊሽን ይጠራል። ሙከራውን እዚያ ጻፉት። ፖስትሃንድል ላይ እንዳትጽፉት አደራ፤ ፈታሹ ሲከለክልም፣ ኮንትሮለሩ ላይ ስህተት ሲፈጠርም አይጠራም።

«ክላሱ ላይ የኦርደር አኖቴሽን ጻፍኩ፤ ምንም አልተለወጠም።» (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

ልፋትህ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው ቀኑን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርሴፕተሩን አድኢንተርሴፕተርስ በሚባለው የምዝገባ ሜተድ ውስጥ በእጅህ ስትመዘግብ ስፕሪንግ ያንን አኖቴሽን (ክላሱ ላይ የለጠፍከውን ምልክት) አያየውም። ቁጥሩን ምዝገባው ላይ፣ ኦርደር በሚለው ሜተድ ስጠው። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ካልሰጠኸው ሁሉም 0 ይሆናሉ፤ ያኔ የሚወስነው የመዘገብክበት ተራ ነው። 10፣ 20፣ 30 እያልክ ክፍተት ተው። ነገ መሀል የሚገባ አይጠፋም።

«ኢንተርሴፕተሬን ከፊልተር ማስቀደም እችላለሁ?» (ስም ያልጻፈች አንባቢ)

አትችዪም። ፊልተር የግቢው በር ነው፤ ጥያቄዎችን ለኮንትሮለሮች የሚያከፋፍለው ዲስፓቸር ሰርቭሌት ጋ ሪኩዌስቱ ሳይደርስ ይሠራል፤ ኢንተርሴፕተር ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ፊልተሮቹን እርስ በርስ ማሰለፍ ግን ትችያለሽ። ስፕሪንግ ቡት ላይ፣ ፊልተር በሚመዘገብበት ፊልተር ሬጅስትሬሽን ቢን ውስጥ፣ ተራ የሚሰጥ ሴትኦርደር የሚባል ሜተድ አለልሽ። የዌብፊልተር አኖቴሽን ግን ተራ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

የፖሊ ልጆች፣ ይቺን እናንተም አንብቧት። የስፕሪንግ ሰነድ ራሱ ኢንተርሴፕተርን ለደህንነት ጥበቃ አይመክረውም፤ የአድራሻ ማዛመጃው ከኮንትሮለሩ ጋር ላይገጥም ይችላልና። ሎጉ ባለበት ይቆይ። ፍተሻውን ለደህንነት ወደተሠራው ስፕሪንግ ሴኩሪቲ ብታዛውሩት ደስ ይለኛል።