የአንባቢያን ጥያቄ፦ የማትሸነፍ ጀግና ለምን ታሰለቻለች?

ጥያቄ፦ ከህንድ አማልክት ታሪክ ተነስቼ ምናባዊ ልቦለድ እየጻፍሁ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጦረኛ ናት፤ ከየአምላኩ አንድ አንድ መሣሪያ ተቀብላለች። ስምንት ምዕራፍ ጨርሻለሁ። ጓደኞቼ ግን «ከሦስተኛው በኋላ ማሸነፏን ስላወቅን አላጓጓንም» አሉኝ። ስህተቱ የት ነው? (ት.፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ መነሻዎ የዱርጋ ታሪክ ይመስላል። «ዴቪ ማሃትምያ» በሚባለው 700 ስንኝ ባለው ድርሳን ሺቫ ሦስት አፍ ያለው ጦሩን፣ ቪሽኑ ክብ ስለቱን፣ ኢንድራ መብረቁን፣ ተራራው ሂማቫት ደግሞ የምትጋልበውን አንበሳ ይሰጧታል። ዱርጋ ግን አምላክ ናት፤ የእርስዎ ጀግና ሰው ናት። መሣሪያውን ወስደው የታሪኩን ሞተር እዚያው ትተውት መጥተዋል።

ሞተሩ ጠላት የያዘው ቃል ነው። በእነዚህ ታሪኮች ጋኔን ሳይቀር ለዓመታት ራሱን ቀጥቶ አምላክን ይለምናል፤ የለመነውም አይነፈገውም። ጎሽ መልክ ያለው ማሂሻሱራ ወንድ እንዳይገድለው ቃል ተገባለት፤ ሴትን ከቁጥር አላስገባም። ሂራንያካሺፑ ይበልጥ ጠንቃቃ ነበር፦ በሰውም በእንስሳም፣ በቀንም በሌሊትም፣ ቤት ውስጥም ውጭም፣ በምድርም በሰማይም እንዳይሞት ለመነ። ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ የሆነው ናራሲምሃ ቀንና ሌሊት ሲለያዩ፣ ደፍ ላይ፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ በጥፍሩ ዘነጠለው። ጎንደር ውስጥ በቅኔ ቤት ደጅ ያለፈ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ጋኔኑ ሰሙን ተቀብሎ ሄደ፣ ሞቱ ወርቁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ዘጠነኛውን ምዕራፍ ያቁሙትና ለጠላቷ የተገባውን ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ክልከላው ከአራት አይብለጥ፤ አንባቢ በቃሉ መያዝ አለበት። ቀጥሎ በዓረፍተ ነገሩ ያልተጠቀሰውን ይፈልጉ፤ ጡዘቱ እዚያ ነው። ቃሉ እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ድረስ በግልጽ ይነገር። ክፍተቱን የሚጠቁመውን ንግር ግን ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅለው ይደብቁት፤ የልጆች እንቆቅልሽ ወይም የአያት ተረብ ጥሩ መደበቂያ ነው። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው ጸሐፊው መጨረሻው ላይ ሲጨንቀው ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት ስለሚፈጥር ነው። አንባቢ ያኔ ተታለልሁ ይላል፤ እውነቱን ነው።

ለጀግናዋ አንድ መሣሪያ ይበቃታል፤ እሱም ያስከፍላት። በጥንቱ የህንድ የጦርነት ግጥም በማሃባራታ «አስትራ» የሚባለው መለኮታዊ መሣሪያ የሚነሳው በምስጢር ቃል ነው። ጦረኛው ካርና ብራህሚን (ከካህናት ወገን) ነኝ ብሎ ዋሽቶ ከመምህሩ ከፓራሹራማ ተማረ፤ ሲነቃበት «በምትፈልገው ሰዓት ይጥፋብህ» ተብሎ ተረገመ። የሠረገላው መንኮራኩር መሬት ውስጥ በተቀረቀረ ዕለት ምስጢር ቃሉ ከአእምሮው ጠፋ።

አርአያ ካስፈለገዎት ደግሞ ከዱርጋ ይልቅ የማሃባራታዋን ልዕልት አምባን እመርጣለሁ። ጦረኛው ቢሽማ ለወንድሙ ሊድራት ጠለፋት፤ የምትወደው ሰው ተጠልፋለች ብሎ መለሳት፤ ቢሽማም ላለማግባት የማለ ነውና አልተቀበላትም። በቂሟ ሞታ በንጉሥ ድሩፓዳ ቤት ሺካንዲ ሆና ተወለደች። ቢሽማ ሴት ሆና በተወለደች ላይ ቀስት አያነሳም፤ በጦርነቱ አሥረኛ ቀን ከተቃራኒው ወገን የተሰለፈው አርጁና ሺካንዲን ከፊት አስቀድሞ ጣለው። እዚህም የገደለው የራሱ መሐላ ነው።

ጥያቄ፦ የህንዱን ስም በእኛ ፊደል ስጽፍ «ጠ» ወይስ «ተ»፣ «ቀ» ወይስ «ከ»? (መ.፣ ከማራኪ)

መልስ፦ «ተ» እና «ከ»። ሳንስክሪት ትንፋሽ የተጨመረባቸው ድምፆች አሉት፤ በላቲን ፊደል ከተነባቢው ቀጥሎ «ህ» የሚታየው ለዚህ ነው። የእኛ «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጰ» ግን በጉሮሮ የሚፈነዱ ሌላ ዘር ናቸው። «ሺካንዲ» እንጂ «ሺቃንዲ» አይባልም። የሂንዲ ተናጋሪ የስሙን መጨረሻ ይውጠዋልና «አርጁን» እና «አርጁና» ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት። ከፊልም የለመድነው አጭሩ ነው፤ ለጥንት ዘመን መቼት ግን ረጅሙ ይስማማል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ጦርነት 50 ሺህ ዝሆን አሰልፌአለሁ። ጀግናዋ ከመሃላቸው ገብታ ኡሩሚ በሚባለው ተጣጣፊ ሰይፍ ትዋጋለች። ያስኬዳል? (ዳ.፣ ከአራዳ)

መልስ፦ በቁጥር ማሃባራታ ራሱ ይብስብዎታል። አንድ «አክሻውሂኒ» የሚባል የሠራዊት ክፍል 21,870 ሠረገላ፣ 21,870 ዝሆን፣ 65,610 ፈረስና 109,350 እግረኛ ነው፤ በታሪኩ ዋና የጦር ሜዳ በኩሩክሼትራ የተሰለፈው 18 አክሻውሂኒ ነበር። ግጥም ይችላል፤ ልቦለድ ግን ቀለብ ይጠየቃል። አንድ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ይበላል፤ የእርስዎ 50 ሺህ ዝሆኖች በቀን 75,000 ኩንታል መኖ ሊፈልጉ ነው። ማን ያጭዳል? ማን ይጭናል?

የሚያዋጣው ትንሹ ክፍል፣ «ፓቲ»፣ ነው፦ 1 ሠረገላ፣ 1 ዝሆን፣ 3 ፈረስ፣ 5 እግረኛ። ትዕይንቱን በዚህ ስፋት ይጻፉት፤ የቀረውን በአቧራና በነጋሪት ያሰሙን።

ኡሩሚ የኬራላ መሣሪያ ነው፤ እንደ ቀበቶ ወገብ ላይ ይጠመጠማል። ስለቱ ስለሚተጣጠፍ መመከት አይችልም፤ ስለዚህ ሌላው እጅ ትንሽ ጋሻ ይይዛል። አንዴ መሽከርከር ከጀመረ ደግሞ እንዲሁ መቆም አይወድም፤ ምት ከተዛባ የሚቆርጠው ባለቤቱን ነው። ወገን በተጨናነቀበት ሰልፍ ወይም የግንብ ደረጃን በመሰለ ጠባብ ቦታ አይሆንም። ጀግናዋ ብቻዋን በብዙ ሰው በተከበበችበት ሰዓት ግን የሚተካከለው የለም፤ ትዕይንቱን ወደዚያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የልቦለዴን ጋኔን ፋሲል ግቢ ባኖረውስ? ቤተሰቦቼ ደግሞ «ስለ ጣዖት ትጽፊያለሽ» ይሉኛል። (ሳ.፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ከህንድ ወደ ጎንደር መንገድ አለ። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከመቆርቆሩ በፊት ያባረራቸው ኢየሱሳውያን በህንድ ከጎዋ የሚላኩ ነበሩ፤ የህንድ ጨርቅም በምጽዋ ይገባ ነበር። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ታሪኩን ይዞ ቢመጣ ያምራል፤ «እኛ አገር እንዲህ ይባላል» ብሎ ሲያወራ የሚያምነው እሱ ነው፣ ተራኪዋ አይደለችም። ለቤተሰብዎ ይህ ሳይበቃ አይቀርም። በሌላ በኩል ሂንዱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ምእመን ያለው ሕያው ሃይማኖት ነውና ሺቫን ወይም ካሊን ክፉ አያድርጓቸው። ክፋቱን ለአሱራ (የአማልክት ጠላት ለሆነው ጋኔን)፣ በተለይ ስሙን ራስዎ ላወጡለት አሱራ፣ ይስጡ።

ፋሲል ግቢን ግን ይተዉት። በየቀኑ የሚያልፍበት አንባቢ በየመስኮቱ ስህተት ይለቅምብዎታል፤ ስም የሌለው ፍርስራሽ ከከተማው ወጣ ብለው ይፍጠሩ።